አረፋ በኩየራ፦ ቢላ ከመሳሉ በፊት የሚሠራው ሥራ

አረፋ ሲቃረብ ኩየራ ላይ ሰው ሁሉ የሚጠያየቀው የበግ ዋጋ ነው። ከሻሸመኔ የመጣውን፣ ከአርሲ ነገሌ የተመለሰውን «ገበያው እንዴት ዋለ?» ሳይለው የሚያልፍ የለም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው ዋጋ መጠየቅ አለበት። እኔ ግን ዝግጅቱን ከሌላ ቦታ እንድትጀምሩ እመክራለሁ። በጉን ከመግዛታችሁ በፊት ሥጋው ማን ቤት እንደሚገባ ወስኑ።

ኡድሒያ፣ የአረፋው መሥዋዕት፣ የሚታረደው ነቢዩ ኢብራሂም ልጃቸውን እንዲሠዉ ታዝዘው ለአላህ ፈቃድ የተገዙበትን፣ ልጃቸው ኢስማዒልም ትእዛዙን በትዕግሥት የተቀበለበትን፣ አላህም በልጁ ምትክ ሌላ መሥዋዕት የሰጠበትን ታሪክ ለማሰብ ነው። ሱረቱል ሐጅ ላይ እንደተነገረው ወደ አላህ የሚደርሰው የአራጁ ተቅዋ እንጂ ሥጋውና ደሙ አይደለም። ሥጋው እዚሁ ሰፈር ይቀራል። ለማን እንደሚከፋፈል ማሰብ የባለቤቱ ፈንታ ነው፤ ይህ ሐሳብ ደግሞ ለበዓሉ ቀን ጧት ከተተወ ብዙ ጊዜ ይበላሻል። በዚያን ቀን ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፣ ልጆች ይጮኻሉ፣ ሥጋው በቅርብ ለተገኘ ሰው ይታደላል፤ በቅርብ የሚገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እሱም ያረደ ሰው ነው። ያላረደው ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው። የዙልሒጃ ጨረቃ እንደታየች፣ ከመግሪብ በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የሰዎቹን ስም ይጻፍ። ከዘመድ ጀምሩና ወደ ጎረቤት ውጡ፤ ከዚያ ከሰፈሩ ውጪ ያለውን አስቡ። ባሏ የሞተባት እናት፣ የቲም የሚያሳድጉ አያት፣ ሥራ ፍለጋ ከገጠር መጥቶ ቤት የተከራየ የቀን ሠራተኛ፣ ለትምህርት ከቤቱ የራቀ ተማሪ ይኖራሉ። ከሩቅ ቀበሌ በሽተኛ ይዞ የመጣ አስታማሚም አለ፤ እሱ ጥሬ ሥጋ ቢሰጠው የሚያበስልበት ስለሌለው በሳህን የተዘጋጀ ምግብ ነው የሚጻፍለት። ልጆቹን አብራችሁ አስቀምጡ። የትኛው የክፍል ጓደኛቸው ቤት በዓሉ እንደማይደምቅ ከወላጆች ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

አሁን ስንት ቤት እንደሆነ ታወቀ፤ ምን ያህል ሥጋ እንደሚያስፈልግም ይታወቃል። በቁም 30 ኪሎ የሚመዝን የአካባቢያችን በግ ታርዶ ሲገፈፍ 12 ወይም 13 ኪሎ ሥጋ ቢወጣው ነው። በሱናው እንደተለመደው ሦስት ቦታ ሲከፈል፣ ለቤት፣ ለዘመድና ለጎረቤት፣ ለድሃ፣ እያንዳንዱ ድርሻ ከ4 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። 4 ኪሎ ለአራት ቤት አንድ አንድ ኪሎ ነው። ለድሃው ድርሻ ብቻ ስምንት ስም ከጻፋችሁ ወይ የቤታችሁን ድርሻ መቀነስ ወይ ከጎረቤት ጋር ስም መከፋፈል ይኖርባችኋል። ሁለተኛውን እወደዋለሁ። በአንድ ሰፈር የሚያርዱ አምስት ቤቶች ዝርዝራቸውን ቢያስተያዩ፣ አንዲት እናት ከአራት ቦታ ሥጋ ሲመጣላት ሌላዋ ምንም ሳታገኝ የምትውልበት ነገር ይቀራል።

የቀኖቹ አቆጣጠር

ሰው «አረፋ» ብሎ የሚጠራው በዓሉን ነው፤ ሐጃጆች በአረፋ ሜዳ የሚቆሙት ግን በዋዜማው፣ በዙልሒጃ 9ኛው ቀን ነው። ሐጅ ላልሄደ ሰው የዚህ ቀን ጾም ታላቅ ሱና ነው፤ ያለፈውንና የሚመጣውን ዓመት ኃጢአት እንደሚያስምር በሐዲስ ተነግሯል። 10ኛው ቀን ኢድ ነው፤ መጾም አይፈቀድም። ቀጥለው ያሉት 11ኛው፣ 12ኛውና 13ኛው ቀናት አያመ ተሽሪቅ ይባላሉ፤ እነሱም የመብል፣ የመጠጥና አላህን የማውሳት ቀናት ስለሆኑ አይጾሙም።

ኡድሒያ ሊያርድ ያሰበ ሰው ከዙልሒጃ 1 ጀምሮ እስኪያርድ ድረስ ጸጉሩንና ጥፍሩን ባይቆርጥ ሱና ነው። ይህ የሚመለከተው አራጁን ነው፤ ልጆቹን ለበዓል ጸጉር ማስተካከል ይቻላል። የራሳችሁን ጉዳይ ግን ወሩ ከመግባቱ በፊት ጨርሱ።

በዓሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ይቀድማል። በ2015 ሰኔ 21፣ በ2016 ሰኔ 9፣ በ2017 ግንቦት 29 ቀን ነበር የዋለው። ለኩየራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከሰኔ ወደ ግንቦት፣ ከዚያም ወደ ሚያዝያ በመጣ ቁጥር በዓሉ ከበጋው ማብቂያና ከበልጉ ዝናብ ጋር ይገጥማል ማለት ነው። መኖ አጥሮ የከረመ ከብት ይከሳል፤ የሰላቱ ሜዳም ጭቃ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ቀድማችሁ አስቡባቸው።

አላርድም የሚል ሰው ስለ አቅም

በአካባቢያችን በብዛት በሚከተሉት የሻፊዒ መዝሀብ ኡድሒያ ለቻለ ሰው ጠንካራ ሱና ነው፤ በሐነፊ መዝሀብ ለቻለ ሰው ዋጂብ ይሆናል። ሁለቱም ዘንድ «ለቻለ» የሚለው ቃል አለ። ልጆቼ ከጎረቤት ልጅ እንዳያንሱ ተብሎ ተበድሮ ማረድ፣ የቤት ኪራይ ወይም የዘር መግዣ ለበግ ማዋል ከማንም የሚጠበቅ አይደለም። በሻፊዒ መዝሀብ አንድ በግ ለአንድ ቤተሰብ ሙሉ ይበቃል፤ አባት፣ እናትና ያገቡ ግን አብረው የሚኖሩ ልጆች እያንዳንዳቸው ማረድ የለባቸውም። ይህን በግልጽ የምጽፈው ባለማረዳቸው ብቻ በዓሉን አንገታቸውን ደፍተው የሚያሳልፉ አባወራዎች ስላሉ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ሥጋ ሲላክ በልጅ እጅ፣ ተሸፍኖ፣ ድምፅ ሳይሰማ ይላክ።

ገበያ ላይ ምን ይታያል

ወደ ኩየራ ገበያና በዙሪያዋ ወዳሉት ገበያዎች ከኮፈሌ ደጋ በግ ይወርዳል፤ ከሻላ ሐይቅ ዙሪያ ቆላ ደግሞ ፍየል ይወጣል። ዋጋ በመጨረሻዎቹ ሦስትና አራት ቀናት ይሰቀላል። ግቢ ያለው ሰው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢገዛ ገንዘቡንም ያተርፋል፣ በጉንም ያደልባል። ግቢ የሌለው ከሚያውቀው ገበሬ ገዝቶ እዚያው ቢያቆይ ይሻላል።

ዕድሜውን በጥርስ እወቁ። ሻጩ የሚለውን ስሙ፤ ግን አፉን ራሳችሁ ክፈቱ። በግ አንድ ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ከታች ፊት ለፊት የወተት ጥርሶቹ ወድቀው ሁለት ሰፋፊ ጥርስ ካወጣ አትጠራጠሩ። ፍየል በሻፊዒ መዝሀብ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ከብትም እንዲሁ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ግመል አምስት ዓመት የሞላው ይፈለጋል። ፍየል ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የዓመት ፍየል ለጥብስ ምርጥ ሊሆን ይችላል፣ ለኡድሒያ ግን ገና ነው።

ቀጥሎ ነውሩን እዩ። በሐዲስ አራት ተለይተው የተጠቀሱ አሉ፤ አንድ ዓይኑ በግልጽ የታወረ፣ ሕመሙ በግልጽ የሚታይ፣ በግልጽ የሚያነክስ፣ መቅኒው እስኪደርቅ የከሳ። ስለዚህ ከመንጋው አስወጡትና ጥቂት ርምጃ አስኪዱት፤ ቆሞ ያለ እንስሳ አንካሳነቱ አይታወቅም። እጃችሁን ከፊት ዓይኑ አጠገብ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱ። ከዚያ ወገቡን በጣት ጫን ብላችሁ ዳብሱ፤ አከርካሪው እንደ መጋዝ ጥርስ ከተሰማችሁ ከስቷልና ተዉት። ጸጉሩ ብዙ የሆነ የደጋ በግ ከሩቅ የሰባ ይመስላል፣ ለዚህ ነው ዓይን ብቻ የማይበቃው።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ አገር በተለይ አነሣለሁ። ገበሬ ከብቱንና በጉን ከሌላው ለመለየት ጆሮውን ምልክት ያደርጋል። በሻፊዒ ፊቅህ ጆሮው ተሰንጥቆ ወይም ተበስቶ ሥጋው ያልጎደለ እንስሳ ችግር የለበትም፤ ከጆሮው ተቆርጦ የወደቀ ክፍል ያለው ግን ለኡድሒያ አይበቃም። ሙክት ይፈቀዳል፤ መኮላሸቱ እንደ ነውር አይቆጠርም።

የገዛችሁትን በባጃጅ እግሩን ጠፍራችሁ፣ ሌላ ላዩ ላይ ጭናችሁ አትውሰዱት። ከኩየራ ቅርብ ገበያ ከሆነ በእግሩ ይነዳ፤ በአስፋልቱ ዳር ሲነዳ ግን ትልቅ ሰው ይኑር። የአዲስ አበባ ሞያሌ መንገድ ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል፤ በበዓል ሰሞን ደግሞ አይሱዙውም አውቶቡሱም ይበረክታል። ልጅ በግ ይዞ አስፋልት እንዲሻገር መላክ ትልቅ ጥፋት ነው።

«ይህ በግ ስለት ነው» ከማለት ምላሳችሁን ጠብቁ። በስለት የታረደ ኡድሒያ ከሆነ በሻፊዒ መዝሀብ ባለቤቱ ከሥጋው አይበላም፤ ሁሉም ለድሃ ይሰጣል። እኛ አገር ስለት ቶሎ ከአፍ ስለሚወጣ ይህን ያላወቀ ሰው ሳያስበው ቤተሰቡን ከሥጋው ያወጣል።

ለቅርጫ የተሰባሰባችሁ

በሬ ወይም ላም ለሰባት ሰው ይበቃል። ከሰባት አይበልጥም። ኩየራ ላይ የተለመደው ቅርጫ ግን ስምንት፣ አሥር፣ አንዳንዴም አሥራ ሁለት ሰው ያለበት ነው። አሥር ሰው ተዋጥቶ በሬ ቢያርድ ሥጋው ሐላል ነው፣ ደስታውም ደስታ ነው፤ ኡድሒያ ግን አይሆንም። ስለዚህ ሰብሳቢው ገና ገንዘብ ሳይቀበል «ኡድሒያ ነው ወይስ ቅርጫ?» ብሎ ይጠይቅ። ኡድሒያ ከሆነ ሰባት ስም ጽፎ ይዝጋ፤ ስምንተኛው ሰው ወዳጅ ቢሆንም ወደ ሌላ ቡድን ይላክ።

ድርሻው እኩል ይሁን፤ መደቡ በሚዛን ይመደብ። በዓይን ግምት መድቦ ዕጣ ማውጣት የለመድነው ቢሆንም ሻኛና ጎድን እየተባለ ቅሬታ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ከሥጋ ነጋዴ ሚዛን መዋስ ከባድ አይደለም። ከመደቡ በኋላ እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ሦስት ቦታ ይከፍላል፤ ሰባቱ ተስማምተው የድሃውን ድርሻ ከመመደቡ በፊት በአንድ ላይ ቢያወጡትና አንድ ሰው ቢያከፋፍለው ደግሞ ሥራው ይቀላል።

ዋዜማውና ጧቱ

ተክቢራ ከ9ኛው ቀን ፈጅር ጀምሮ እስከ 13ኛው ቀን ዐስር ድረስ ከየሰላቱ በኋላ ይባላል። አላሁ አክበር፣ አላሁ አክበር፣ ላኢላሀ ኢለላህ፣ ወላሁ አክበር፣ አላሁ አክበር፣ ወሊላሂል ሐምድ። በመንገድ፣ በሱቅ፣ በግቢ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማለት ሱና ነው። ልጆች የበዓሉን ድምቀት የሚያውቁት በዚህ ድምፅ ስለሆነ እቤት አብራችሁ በሉት።

በዋዜማው ምሽት ቢላው ይሳል። በጉ ፊት አይሳልም፤ ስለት የሚፈራ እንስሳ ይሸበራል። ማታ መኖ ይከልከል፣ ውሃ ግን እስከ ጧት ይሰጠው፤ ሆዱ ባዶ የሆነ በግ ሲገፈፍና ሲበለት ሥራው ንጹሕ ይሆናል፣ ውሃ የጠጣ ደግሞ ቆዳው በቀላሉ ይላቀቃል።

በዚሁ ምሽት ስለ ወጥ ቤቱ ተነጋገሩ። ሴቶች ወደ ኢድ ሰላት እንዲወጡ በሐዲስ ታዝዟል፤ ብዙ ቤት ግን እናትየው ሽንኩርት ስትከትፍ ሰላቱ ያልፋታል። ቁሌቱ በዋዜማው ይጠናቀቅ፣ ቅንጬው ይፈተግ፣ ጩኮው በቅቤ ይታሽ፤ ጧት የሚቀረው እሳት ማንደድ ብቻ ይሁን። ወንዶች ልጆች ውሃ ይቅዱ፣ እንጨት ይፍለጡ፣ ቤት ይጥረጉ።

ጧት ገላ ታጥቦ፣ ካለው ልብስ ጥሩውን ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ ይወጣል። በኢድ አልፈጥር ሳይቀመስ አይወጣም፤ በአረፋ ግን ሱናው ከሰላት በፊት አለመብላትና ከታረደው መጀመር ነው። ሜዳው እርጥብ ሊሆን ስለሚችል ከመስገጃው ሥር የሚነጠፍ ሸራ ወይም ንጹሕ ማዳበሪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁለት የሚይዝ ሰው ለጎኑም ይተርፋል። ሰላቱ ሁለት ረከዓ ነው፤ አዛንም ኢቃማም የለውም። በመጀመሪያው ረከዓ ከመክፈቻው ተክቢራ በኋላ ሰባት፣ በሁለተኛው ከቁርኣን በፊት አምስት ተክቢራ ይባላል። የዘገየ ሰው ኢማሙን ካለበት ይከተል። ከሰላቱ በኋላ ኹጥባ አለ፤ ሰላቱ እንዳለቀ ወደ በጉ የሚሮጠው ብዙ ስለሆነ ኢማሞች የሚናገሩት ለግማሽ ሜዳ ይሆናል። ቁጭ ብላችሁ ስሙ። ስትመለሱ በሌላ መንገድ ተመለሱ፤ ያልጠየቃችሁት ሰው በዚያ በኩል ይገኛል።

በዓሉ ዓርብ ቢውል፣ በ2017 እንደሆነው፣ ጁምዓም በቀኑ ይሰገዳል። ከሩቅ ገጠር ለኢድ ሰላት የመጣ ሰው ጁምዓን ሳይጠብቅ ወደ ቤቱ መመለስ እንደሚችል የሻፊዒ ዑለማዎች ይናገራሉ፤ የከተማው ነዋሪ ግን ይሰግዳል።

ቢላው ሲነሣ

ከሰላት በፊት የታረደ በግ ተራ ሥጋ ነው፤ ኡድሒያ አይሆንም፣ በሌላ መተካት አለበት። የማረጃው ጊዜ በሻፊዒ መዝሀብ እስከ 13ኛው ቀን ፀሐይ መጥለቂያ፣ በሐነፊ እስከ 12ኛው ቀን ነው። ጊዜው ይህን ያህል ሰፊ ስለሆነ አንድ አራጅ እየተጠበቀ፣ እየተጣደፈ፣ በደነዘ ቢላ የሚታረድበት ምክንያት የለም። ለነገ ይቆይ።

ባለቤቱ በእጁ ቢያርድ ይመረጣል። ሴትም ማረድ ትችላለች። የማይችል ይወክልና አጠገቡ ይቁም። ኒያው በልብ ነው፤ «ከእኔና ከቤተሰቦቼ» ማለት ይበቃል።

ከኩየራ መካ የሚገኘው ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ አዘንብሎ ነው። በግንቦትና በሰኔ ጧት ፀሐይ በቀኝ ትከሻችሁ በኩል፣ ትንሽ ወደ ፊት ገባ ብላ ከታየቻችሁ ፊታችሁ ወደ ቂብላ ነው። በጉ በግራ ጎኑ ይተኛ፤ ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሮቹ ወደ ሰሜን ይሁኑ። እንዲህ ሲተኛ ማረጃው በቀጥታ ቂብላን ያያል፤ አራጁ ቢላውን በቀኝ እጁ፣ ራሱን በግራ እጁ ለመያዝም ይመቸዋል። ሦስቱን እግር እሰሩ፣ ቀኝ የኋላ እግሩን ተዉለት፤ ሲታረድ ይወራጭበታል፣ ደሙም በደንብ ይወጣል። «ቢስሚላሂ ወላሁ አክበር» ተብሎ በአንድ ፈጣን ስበት ጉሮሮው፣ ምግብ መውረጃውና ሁለቱ የአንገት ደም ሥሮች ይቆረጣሉ። አንገቱን መስበር፣ ነፍሱ ሳትወጣ መግፈፍ ክልክል ነው። ሌላው በግ ሲታረድ እንዳያይ ተራውን የሚጠብቀውን ከግድግዳ ጀርባ አቁሙት። ጉድጓድ ቀድሞ ይቆፈር፤ ደሙ ጎርፍ ይዞት ወደ ጎረቤት ደጅ አይውረድ።

ሆድ ዕቃው ሲወጣ ጉበቱንና ሳንባውን ተመልከቱ። ውሃ የቋጠረ ነጭ ፊኛ ካለበት ያን ክፍል ቆርጣችሁ በጥልቀት ቅበሩት። ለውሻ አትጣሉት፤ በሽታው ከውሻው ወደ ልጆቻችሁ የሚመለሰው በዚህ መንገድ ነው። ሥጋው መጥፎ ሽታ ወይም ያልተለመደ ቀለም ካለው የእንስሳት ሐኪም ሳያየው አይበላ።

አራጁን በገንዘብ ክፈሉት። ከሥጋው ወይም ቆዳው ለሥራው ዋጋ ተደርጎ አይሰጥም፤ ክፍያውን ከጨረሳችሁ በኋላ እንደማንኛውም ሰው ብትሰጡት ግን መልካም ነው። ቆዳውንም ባለቤቱ አይሸጠውም። በበዓል ቀን «ቆዳ ያለው!» እያለ የሚዞረውን ነጋዴ የሚጠራ ብዙ ስለሆነ ነው ይህን የምጽፈው። ቆዳው ቤት ውስጥ ይሠራበት ወይም ለድሃ፣ ለመድረሳ ይሰጥ። በቅርብ ዓመታት ዋጋው ወድቆ ቆዳ መንገድ ዳር ሲጣልና ሲሸት ያየ ሁሉ ያውቃል፤ ለሚጠቀምበት ሰው ለመስጠት ቢላ ሳይነካው መግፈፍና በዚያው ቀን ጨው ነስንሶ ማሳደር ያስፈልጋል።

ሥጋው ሲወጣ

ጉበቱ ለቤተሰቡ ይጠበስ፤ ከኡድሒያው መጀመሪያ የሚቀመሰው እሱ ነው። ድስቱ ገና እሳት ላይ እያለ የድሃው ድርሻ ከቤት ይውጣ። ደካማው ክፍል ብቻ ተለይቶ አይላክ። አጥንትና ሆድ ዕቃ ለድሃ፣ ታፋው ለቤት ከሆነ የከፈላችሁት ሦስት ቦታ ነው አይባልም። በፌስታል ከመላካችሁ በፊት ከሁሉም ብልት ጨምሩ፤ ወጥ መሥሪያ ለሌለው ቤት አንድ ጭልፋ ቅቤ ወይም ጥቂት ሽንኩርት አብራችሁ ላኩ። ሥጋ ብቻውን ወጥ አይሆንም።

የተረፈው በዝናብ ወቅት ቋንጣ ሊሆን ካስቸገረ በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ጠግቦ፣ ጢስ ከሚደርስበት ከምድጃ በላይ ይሰቀል።

ክርስቲያን ጎረቤት

ኩየራ በአድቬንቲስት ትምህርት ቤቷ ስሟ የታወቀ፣ ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱ፣ አድቬንቲስቱና ሌላውም ፕሮቴስታንት ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖርባት ከተማ ናት። አረፋን ያለ ጎረቤት የሚያከብር ቤት ጎዶሎ ነው። መጋበዝ ግን ዕውቀት ይፈልጋል።

ኦርቶዶክሱ ሙስሊም ያረደውን እንደማይበላ ሁሉም ያውቃል። ለእሱ ቅንጬ በቅቤ፣ ገንፎ፣ እርጎ፣ ጩኮ፣ ቡና ይቅረብ፤ አቅም ያለው እንደ ጥንቱ ልማድ በቁሙ በግ ሰጥቶ ወዳጁ ራሱ እንዲያርድ ያደርጋል። የጾሙን ቀን ጠይቁ። በ2015 አረፋ የሐዋርያት ጾም ውስጥ ነበር የዋለው፤ በእንዲህ ያለ ዓመት ቅቤውም ወተቱም ይቀርና ሽሮ፣ ምስርና ፍራፍሬ ይዘጋጃል። ለአድቬንቲስት ጎረቤት ቡና ማፍላት አያስፈልግም፤ በእምነታቸው ቡናና ሻይን ስለሚተዉ አብሽ ወይም ጭማቂ ይሻላል። ሰንበታቸው ከዓርብ ፀሐይ መጥለቂያ እስከ ቅዳሜ ፀሐይ መጥለቂያ ነው፤ በዓሉ ዓርብ ከዋለ ከሰዓት በፊት፣ ቅዳሜ ከዋለ ምሽት ላይ ጥሯቸው። ሥጋውን የሚበላ ይኖራል፣ የማይበላም ይኖራል። «ምን ላዘጋጅላችሁ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም።

ይህ በዓል በአገራችን በሕግ የታወቀው ብዙም ሩቅ ባልሆነ ዘመን ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች መብታቸውን ሲጠይቁ በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ብዙ ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል። ከጥያቄዎቹ አንዱ በዓሎቻችን ብሔራዊ በዓል ይሁኑ የሚል ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ ሁለቱ ኢዶችና መውሊድ ሥራ የሚዘጋባቸው በዓላት ሆኑ። ለልጆቻችሁ ይህንንም ንገሯቸው።

ሦስቱ ቀናት

ከበዓሉ በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት ለዝምድና ናቸው። የተኳረፈ ዘመድ ካለ ታናሹ ወደ ታላቁ ይሂድ፤ ታላቁም «ዘንድሮ እኔ ልቅደም» ቢል ክብሩ አይቀንስም። በደጋው ያሉ አያቶችና አጎቶች ጋ የምትወጡ ሥጋ ብቻ ሳይሆን ስኳርና ቡናም ያዙ። በአርሲ ብዙ ሰው በዚህ ወር ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን ለዚያራ ይጓዝ ነበር፣ ዛሬም የሚጓዝ አለ፤ ባለቤቱ መንገድ ላይ ያለበትን ቤት ልጆች ማየት አትርሱ።

በመጨረሻ ዘንድሮ አቅም አንሷችሁ ያላረዳችሁ፣ ለከርሞ ለማረድ ከተመኛችሁ ከበዓሉ ማግስት ጀምሩ። ሰባት ሆናችሁ የበሬ ዕቁብ ግቡ፤ የሰባቱን ስም ዛሬ ጻፉ፣ ገንዘቡን የሚይዝ ታማኝ ሰው ምረጡ፣ ከበሬው ዋጋ ሌላ ለአራጅና ለመኖ ትንሽ ጨምራችሁ አዋጡ። መዋጮውን ግን በኢትዮጵያ ወር ሳይሆን በሂጅራ ወር ቁጠሩት፤ በዓሉ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም በመስከረምና በጥቅምት የሚቆጥር ዕቁብ የመጨረሻውን መዋጮ ሳይሰበስብ አረፋ ይደርስበታል።